ወጪና ኪሳራ

ከሳሹና ተከሳሿ ወደ ፍርድ ቤት የሄዱት በአንድ ታክሲ ነው። ለየብቻ ቢሳፈሩ ሒሳቡ እጥፍ ሊሆን ነው፤ የሚነሱበት ቤት አንድ፣ የሚወርዱበት በርም አንድ። ተከሳሿ ከሾፌሩ ጎን ገባች፤ ከሳሹና ሚስቱ ከኋላ ተቀመጡ። ሾፌሩ የሦስቱንም ልብስ ጥንቅቅ ማለት በመስታወቱ አየና፣ "ሰርግ ነው ወይስ ሐዘን?" ሲል ጠየቀ። ተከሳሿ ወደ መስኮቱ እንደዞረች፣ "ቀጠሮ አለን" አለችው፤ እሱም ሐዘኑ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገ።

ከሳሹን ሰፈሩ "ተኳሹ" ይለዋል። ጠመንጃ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ በልብስ እጥበት ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሱሪና ሸሚዝ ሲተኩስ የኖረ ሰው ስለሆነ ነው፤ ቀልዱ ግን እስከ ዛሬ አላረጀም። የእጥበት ቤቱ ባለቤት፣ ማለትም ተከሳሿ፣ የሚስቱ ታላቅ እህት ናት። ደንበኛውም ዘመዱም "እትዬ" ይላታል። እትዬ ደግሞ ታናሿን "ሚጡ" ብላ ነው የምትጠራት፤ ሚጡ ወደ አርባ ብትጠጋም ስሙ አብሯት አላደገም። ያን ቀን እትዬ የለበሰችው ጥቁር ኮት አንገቱ ቀጥ ብሎ፣ እጅጌው ያለ አንዲት መጨማደድ ወርዶ የሚታይ ነበር። ኮቱን የተኮሰላት ራሱ ከሳሹ ነው። ዋዜማውን በሱ ቦታ የተቀጠረው አዲሱ ሠራተኛ ተኩሶት ኮሌታው ላይ የሚያብለጨልጭ መስመር ትቶበት ነበር። ሚጡ ምንም ሳትናገር ኮቱን አንስታ ወደ ክፍላቸው ይዛው ገባች፤ ባሏም ምንም ሳይናገር ካውያውን ሰካ፣ ኮሌታውን እርጥብ ጨርቅ አለበሰው፣ ቀስ እያለ መስመሩን አጠፋውና በመስቀያው አንጠልጥሎ መለሰላት። "ለሷ ብዬ እንዳይመስልሽ" አላት። "እንዲህ ያለ ኮሌታ ፊቴ ተገትሮ ግማሽ ቀን መቀመጥ ስለማልችል ነው።"

እጥበት ቤቱ ከፊት ለፊት፣ መንገዱን ተጠግቶ ያለው ነው። ከኋላው እትዬ ብቻዋን የምትኖርባቸው ሁለት ክፍሎች አሉ፤ ከነሱ ቀጥሎ የጋራ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ማዶ ደግሞ ሚጡና ባሏ ያሉበት አንድ ሰፊ ክፍል። ክሱ ከተከፈተ በኋላም እራት የሚበላው በዚያው ወጥ ቤት፣ በዚያው ጠረጴዛ ነበር፤ ሁለት ምድጃ ለማንደድ ማንም አቅሙም ልቡም አልነበረውም። እትዬ፣ "ሚጡ፣ ጨዉን አቀብዪው" ትላለች። ተኳሹ፣ "ሚጡ፣ በቅቶኛል በያት" ይላል። ጨዉም መልሱም በሚጡ እጅ ያልፋል። ስለ ጠበቃ፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ ገንዘብ በዚያ ጠረጴዛ ተነስቶ አያውቅም፤ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ሳህኑን አጥቦ ይወጣል። ሚጡ አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ጊዜ ተጯጩኸው ቢወጣላቸው ትላለች፤ ዝምታው ግድግዳው ላይ እንደ እርጥበት እየወጣ ያለ ይመስላት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ረቡዕ ማታ ነው። እትዬ በብድር አንድ የእንፋሎት መተኮሻ ማሽን ገዝታ፣ ሠራተኞቹ ሲያራግፉት ቆማ እያየች፣ "ይሄ የሦስት ሰው ሥራ ይሠራል" አለች። ለክፋት አልነበረም፤ የዋጋውን ስቃይ ለማስታገስ ለራሷ የተናገረችው ነው። ተኳሹ ግን ሰማ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሏል፣ እግሩ አብጧል። ሽርጡን ፈትቶ ባንኮኒው ላይ ወረወረና፣ "እንግዲያው ሁለት ሰው ጨምረው ያባሩ! ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ይፈልጉ" ብሎ ወጣ። ሌሊቱን ግን ቁጣው በረደለት፤ በማግሥቱ እንደ ወትሮው ከሁሉም ቀድሞ ሲመጣ በሱ ጠረጴዛ ላይ፣ በሱ ካውያ፣ የማያውቀው ሰው ሸሚዝ ሲተኩስ አገኘ። እትዬ ከገንዘብ መሳቢያው ጀርባ ቀና ብላ፣ ሁለት ደንበኞች ባሉበት፣ "ትላንት ለቅቄያለሁ ብለህ የለ? ሂድ እንግዲህ" አለችው። እሱም ሄደ። ሁለቱንም ጊዜ ባንኮኒው ላይ ቆማ ልብስ ስትቀበልና ስታስረክብ የነበረችው ሚጡ ናት።

ከዚያ ወዲያ ያለው የሕግ ነገር ሆነ። በገዛ ፈቃዱ ለቅቆ ከሆነ ምንም አያገኝም፤ ተባርሮ ከሆነ የዘጠኝ ዓመት የስንብት ክፍያና የማስጠንቀቂያ ደሞዝ ይገባዋል። በመጀመሪያው ሳምንት እትዬ በሚጡ በኩል፣ "የሦስት ወር ደሞዙን ልስጠውና ይቅር" ብላ ልካ ነበር፤ ይህም ወደ ሠላሳ ሺህ ይመጣል። እሱ፣ "ምጽዋት አልጠየቅኩም" አለ። ሚጡም መልሱን አለስልሳ አደረሰች። እትዬ ጠበቃ ያዘች፤ የእትዬ ጠበቃ መያዝ ሲሰማ እሱም ያዘ። እሷ ለጠበቃዋ ሲጀምር ዳጎስ ያለ ክፍያ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ለየብቻ ትከፍላለች። እሱ እጁ ላይ ምንም ስለሌለ የሱ ጠበቃ ካሸነፈች ሲሶውን ልትወስድ ተዋዋሉ፤ ማመልከቻ ማስጻፊያው፣ ኮፒው፣ መጓጓዣው ግን ከራሱ ነው። አንድ ማታ የእትዬ ጠበቃ ደውሎ፣ "ከተረታ የኛን ወጪና ኪሳራ ጭምር ይከፍላል፤ ይህን ቢያውቅ ይሻለዋል" ብሎ ለሚጡ ነገራት። ለባሏ ስትነግረው አልተቆጣም። ብቻ እራቱን ከበላ በኋላ ማቀዝቀዣቸው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ስንት ሊያወጣ እንደሚችል የሚገምት ገዥ ይመስል፣ ለረጅም ጊዜ አየው።

የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ጠባብና ረጅም ነው፤ በግራና በቀኝ ለመቀመጫነት የተደረደሩት አግዳሚዎች ስለተቀራረቡ ከሳሽና ተከሳሽ ጉልበት ለጉልበት ይነካካሉ። ጥጉ ላይ አንዲት ሴት ኮፒ ማሽን ይዛ ተቀምጣለች፤ የአንድ ገጽ ኮፒዋ ከአንድ ዳቦ ይወደዳል፤ ሰው ግን ተሰልፎላታል። ተኳሹ ሆስፒታል ውስጥ በጊዜያዊነት አንሶላ መተኮስ ስለጀመረ ዛሬ የቀረበት ቀን ከደሞዙ ይቆረጣል። ይህ አራተኛው ቀጠሮ ነው። አንዱ ዳኛዋ ታመው፣ አንዱ መዝገቡ ጠፍቶ፣ አንዱ ደግሞ መብራት ሄዶ አልፏል።

ምስክር ሚጡ ናት፤ የሁለቱም። ምስክር ያልሆነችው ለራሷ ብቻ ነው፤ ይህን ግን ያኔ አላሰበችውም። የእትዬ ጠበቃ፣ ባለ ወፍራም መነጽሩ ሽማግሌ፣ ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠና፣ "እርስዎ የሚናገሩት የረቡዑን ማታ ነው" አላት። "ሽርጡን ወረወረ፣ ሌላ ይፈልጉ አለ፣ ወጣ። ካልተጠየቁ አንድ ቃል አይጨምሩ።" እሱ ሲነሳ የባሏ ጠበቃ፣ ቀጭኗ ወጣት፣ በሱ ቦታ ተቀመጠች። "አንቺ የሐሙሱን ጠዋት ነው የምትናገሪው፣ እሺ? ሥራ ሊገባ መጣ፣ ሂድ ተባለ። ረቡዕን እነሱ ያንሱት።" ሚጡ ለሁለቱም ራሷን ነቀነቀች። አንድን ጨርቅ መሀል ለመሀል ቀደው ግማሽ ግማሹን ይዘው ልብስ ነው ሊሉ የፈለጉ መሰላት።

ውሃ ልትጠጣ ወደ ደረጃው ስትሄድ ሁለቱን ጠበቆች አብረው መስኮት ተደግፈው አገኘቻቸው። አላዩዋትም። ሽማግሌው፣ "ከሰዓት ሌላ ችሎት አለብኝ፤ እዚህ ከተጀመረ አይለቁኝም። ቀጠሮ ብናስለውጥ ምን ይመስልሻል?" ይላታል። ወጣቷ ስልኳን እያየች፣ "ለኔም አይከፋኝም፤ ደንበኛዬን አስረዳዋለሁ" አለችው። በክፋት የተነገረ ነገር አልነበረም፤ ሰዎች ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወሩት ነው። ሚጡ ውሃውን ሳትጠጣ ተመለሰች። አምስተኛ ቀጠሮ ማለት ለእትዬ አንድ ክፍያ፣ ለባሏ አንድ የሥራ ቀን፣ ለሷ ደግሞ አንድ ወር ጨው ማቀበል ማለት ነው።

ችሎቱ ሲጠራ ሦስቱም ገቡ። ዳኛዋ ጉንፋን የያዛቸው፣ ከፊታቸው ትኩስ ውሃ በብርጭቆ ያስቀመጡ ሴት ናቸው። የከሳሹን ማንነት ለመዝገብ ሲጠይቁት፣ "ሥራ?" አሉት።

"ተኳሽ ነኝ።"

ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። እሱም ደንግጦ፣ "ልብስ" ብሎ ጨመረ። ዳኛዋ ሳሉ፣ ወይም ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። በዚህ መሀል ሽማግሌው ጠበቃ ተነሳ፤ ተደራራቢ ችሎት ስላለበት መዝገቡ ለሌላ ቀን እንዲቀጠር አመለከተ። ወጣቷም ተቃውሞ እንደሌላት ተናገረች። ዳኛዋ የቀን መቁጠሪያቸውን ሲገልጡ ሚጡ ከኋላው ወንበር ተነሳች። ልትነሳ አስባ አልነበረም፤ እግሯ ቀደማት።

"ክብርት ዳኛ፣ ምስክሯ እኔ ነኝ። መጥቻለሁ።"

"አዩ፣ ጠበቆቹ—"

"እዚህ ነኝ። የማውቀው ነገር ብዙ አይደለም፣ ቶሎ ያልቃል። በሌላ ቀን ብመጣም የምናገረው ያንኑ ነው።"

ሽማግሌው ጠበቃ መነጽሩን አውልቆ አያት። እትዬ ግን ወደ ጠበቃዋ ዞር ብላ፣ "ቢቀጠር እንደገና እከፍልዎታለሁ እንዴ?" ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው፤ ክፍሉ ጸጥ ያለ ስለነበር ሹክሹክታዋን ሁሉም ሰማው። ዳኛዋ የቀን መቁጠሪያውን ዘጉት። "ምስክሯ ትቅረብ፤ ሌሎቻችሁ ተቀመጡ" አሉ።

ሚጡ ስሟንና አድራሻዋን ተናገረች፤ እውነት ልትናገር ማለች። ዳኛዋ ለመዝገቡ ያህል ጥያቄዎቹን በተለመደው ፍጥነት አስከተሉ። የት ነው የሚሠሩት፣ በእጥበት ቤቱ። ከመቼ ጀምሮ፣ ከተከፈተ ጀምሮ፣ አሥራ አንድ ዓመት። ምን ይሠራሉ፣ ልብስ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እለጥፋለሁ፣ ቁልፍ የወለቀውን እተክላለሁ፣ አስረክባለሁ፣ እጠርጋለሁ።

"የወር ደሞዝ?"

"የለኝም።"

"አሁን መጠኑን የማያስታውሱት ከሆነ—"

"አይ፣ አይከፈለኝም። እህቷ ነኝ።"

የጸሐፊዋ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ቆሙ። "ምን ብዬ ልጻፍ?" አለች። ዳኛዋ ሚጡን ትንሽ አዩዋትና፣ "ያለችውን ጻፊ" አሉ። ጸሐፊዋም ጻፈችው፤ የቁልፎቹ ድምፅ ሲንጫጫ ሚጡ ጀርባዋን ሞቃት። እንዲህ ያለ ነገር እናገራለሁ ብላ አላሰበችም ነበር፤ ስንት ዓመት ስትኖርበት የነበረ ነገር ነው። ግን የሰው ድምፅ ሆኖ ወጥቶ፣ ሌላ ሰው ሰምቶ፣ ማሽን ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው። ወደ እትዬ አላየችም። ሁለቱም ጠበቆች ግን በአንድ ጊዜ እስክሪብቷቸውን ሲያነሱ አየች።

ከዚያ ረቡዕን ተጠየቀች፤ ረቡዕን ተናገረች። ሽርጡን፣ ባንኮኒውን፣ "ሌላ ይፈልጉ" ያለውን፣ አንድም ሳታስቀር። ባሏ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ጠበቃ፣ "ይበቃኛል" ብሎ ሲቀመጥ ሚጡ አልተቀመጠችም፤ "ገና አልጨረስኩም፣ ሐሙስ አለ" አለች። ሐሙስንም ተናገረች። በሩ ሳይከፈት መምጣቱን፣ አዲሱን ሰው፣ "ሂድ እንግዲህ" የተባለውን። ወጣቷ ጠበቃ አንድ ነገር ልትጠይቃት ስትል ዳኛዋ እጃቸውን አነሱ። "ለመሆኑ የርስዎ አስተያየት ምንድን ነው፤ ለቀቀ ወይስ ተባረረ?" አሏት።

ሚጡ አሰበች። "ማታ ለቀቀ፤ ጠዋት ተባረረ" አለች። "ማታ የተናገረው ደክሞት ነው። ጠዋት የተናገረችው ተናዳ ነው። ሁለቱም አንዲት ሌሊት እንኳ ታግሰው ቢሆን እኛ እዚህ አንመጣም ነበር።"

ሽማግሌው ጠበቃ በማጠቃለያው ክሱ ውድቅ እንዲደረግና ከሳሹ ወጪና ኪሳራ እንዲተካ ጠየቀ። ወጣቷም በበኩሏ ክፍያው እንዲፈረድና ወጪና ኪሳራውን ተከሳሿ እንድትተካ ጠየቀች። ዳኛዋ ትኩሱን ውሃ ፉት ብለው፣ "ክሱ የስንት ነው?" አሉ።

"የስልሳ ሁለት ሺህ፣ ክብርት ዳኛ" አለች ወጣቷ።

"የተከሳሽ ወገን ወጪስ?"

ሽማግሌው ወረቀቱን አገላበጠ። "የጠበቃ አበል፣ የቀጠሮ፣ የጽሕፈት… እስከ ዛሬ ሰባ አንድ ሺህ ነው።"

"እስከ ዛሬ" አሉ ዳኛዋ። ተኳሹ ቀስ ብሎ ወደ እትዬ ዞረ። በስድስት ወር ውስጥ ፊት ለፊት ሲያያት የመጀመሪያው ነው። እትዬ ግንባሯን በመዳፏ ይዛ ነበር። እሱም ሳይታወቀው፣ እንደ ድሮው፣ "እትዬ፣ ሰባ አንድ?" አላት። "ምን ላድርግ" አለችው፤ "በቀጠሮ በቀጠሮ ሲከፈል አይታወቅም እኮ።" ዳኛዋ ችሎት ውስጥ መነጋገር ክልክል መሆኑን አላስታወሷቸውም። "ውጡና ተነጋገሩ" አሏቸው፤ "ካልተስማማችሁ ከምሳ በፊት ተመለሱ፣ እወስናለሁ። ማንኛችሁንም ደስ እንደማያሰኝ ግን ከወዲሁ እነግራችኋለሁ።"

ኮሪደሩ ላይ ስምምነቱ ረጅም ጊዜ አልፈጀም። እትዬ ሃምሳ ሺህ ልትከፍል፣ ወጪያቸውን ደግሞ ሁለቱም በየራሳቸው ሊችሉ ተስማሙ። ወጣቷ ጠበቃ ሲሶዋን ወስዳ፣ የኮፒውና የማመልከቻው ተቀንሶ ለተኳሹ የሚተርፈው መጀመሪያ ምጽዋት ነው ብሎ ከመለሰው ገንዘብ ያን ያህል አይበልጥም፤ እትዬም ያኔ ሃምሳውን ብትሰጠው ኖሮ ጠበቃ የሚባል ሰው ሳታውቅ ትቀር ነበር። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ ስለሚያውቁትም አልተናገሩትም። እትዬ ፊርማዋን ካኖረች በኋላ ኮቷን አስተካከለችና፣ "ማሽኑ ሸሚዝ ያበላሻል" አለችው፤ "ነገ ትመጣለህ?"

"አይ እትዬ" አለ ተኳሹ፤ በቁጣ አልነበረም። "ሆስፒታሉ ይሻለኛል። አንሶላ ኮሌታ የለውም።"

እትዬ የቀሩ ደንበኞች አሉብኝ ብላ ብቻዋን ታክሲ ይዛ ሄደች። ባልና ሚስቱ አውቶቡስ ሲጠብቁ ወጣቷ ጠበቃ ከኋላቸው ደረሰች። ለሚጡ አድራሻዋ ያለበትን ካርድ ሰጠቻትና፣ "ያንቺ ጉዳይ ከባልሽ ይበልጣል፣ ታውቂያለሽ?" አለቻት። "አሥራ አንድ ዓመት ማለት ቀላል አይደለም። ቅድሚያ ምንም አትከፍዪኝም፤ በሲሶው እይዘዋለሁ። ዛሬ የተናገርሽው ተጽፏል፤ እህትሽም ሰምታ አልካደችም።" ሚጡ አመስግና ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር፤ ቆመው ነው የሄዱት፤ አንድ ብረት ይዘው።

"ደሞዝ የለኝም ስትዪ ሰማሁሽ" አላት ባሏ፣ ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ።

"አታውቅም ነበር?"

"እንዴት አላውቅም። ሲነገር ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር።" ቀጥሎም፣ "ለኔ ስልሳ ሁለት ሺህ ስጠይቅ ያንቺን አንድም ቀን አላሰብኩትም" አለ። እሷም አላጽናናችውም። መንገዱን እያየች፣ በየወሩ ቢሆን ስንት ይሆን ነበር ብላ ማስላት ጀመረች፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ስትደርስ ቁጥሩ አስፈራትና ተወችው።

ከሰዓት በኋላ ባንኮኒዋ ላይ ቆመች። ልብስ ተቀበለች፣ ቁጥር ለጠፈች፣ አንድ ሰውዬ የጠፋ ካልሲ ፍለጋ ሲያስቸግራት ታግሳ ፈለገችለት። እትዬ መሳቢያው ጀርባ ተቀምጣ ነበር። በቀሪው ቀን፣ "የአራት ቁጥሩን ሱሪ አስረክበሻል?" ከማለት በቀር አልተናገረቻትም፤ ነገር ግን ደንበኛ በገባ ቁጥር ሚጡ ስትጎነበስና ስትነሳ ታያት ነበር። አዲሱ ሠራተኛ ሊሄድ ሲል እትዬ የሳምንት ሒሳቡን ቆጥራ ሰጠችው። ሚጡ ይህን በየሳምንቱ ስታይ የኖረችው ነው። ዛሬ ግን ሁለቱም፣ የምትሰጠዋም የምታየዋም፣ በአንድ ጊዜ ዓይናቸውን ሰበሩ።

ፀሐይ ስትጠልቅ የፊቱ በር ተዘጋ። ሚጡ ክፍሏ ገብታ ጫማዋን አውልቃ ሳትጨርስ እትዬ መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ አልገባችም። ተኳሹ ልብሱን እየሰበሰበ ሊወጣላቸው ሲል፣ "ተቀመጥ፣ ችግር የለም" አለችው። ከዚያ ወደ ታናሿ ዞረች።

"ሰው ፊት አዋረድሽኝ።"

"ጠየቁኝ፤ መለስኩ።"

"እህቴ ነሽ ብዬ ነው እኮ ሚጡ። ለእህት ደሞዝ ይሰፈራል? አንድ ቤት እየኖርን፣ አንድ ምድጃ። ክፍሉን ኪራይ ጠይቄሽ አውቃለሁ? መብራቱን ያለ እኔ ማን ይከፍላል?"

ሚጡ ሁለተኛውን ጫማ አወለቀችና ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀመጠቻቸው። "መብራቱ ያንቺ ነው" አለች። "ክፍሉ ግን የአባታችን ነው፣ እትዬ።"

ይህን ደግሞ ማንም ተናግሮት አያውቅም ነበር። ከወጥ ቤቱ የውሃ ጠብታ ይሰማል። እትዬ የበሩን መቃን ያዘች፤ ፊቷ ላይ ከቁጣ ይልቅ ድካም ይነበብ ነበር። "ያቺ ጠበቃ አናግራሻለች ማለት ነው" አለች።

"አናግራኛለች።"

"ልትከሺኝ ነው?"

"ያንቺ ጉዳይ ከባልሽ ይበልጣል አለችኝ፤ በሲሶው እይዘዋለሁ አለችኝ።"

"አንቺስ ምን አልሻት?"

"ለሷ ምንም አላልኳትም። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው ያሰብኩት። ሲሶውን ለሰው ከመስጠቴ በፊት እህቴን ራሷን ልጠይቃት አልኩ።"

እትዬ ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ፣ ታናሿ አጠገብ ተቀመጠች። ኮቷን ገና አላወለቀችም ነበር። "ጠይቂኝ እንግዲህ" አለች።

ሚጡም ጠየቀቻት። ከሰኞ ጀምሮ የአዲሱን ሠራተኛ ያህል ደሞዝ፤ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፤ ያለፈውን አሥራ አንድ ዓመት ደግሞ አብረው ቁጭ ብለው ሊያስቡት። እትዬ ሁለቱን ወዲያው እሺ አለች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ መዳፏን ጉልበቷ ላይ አሻሸች፤ ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ ድምጿ ግን ሰው ፊት በሒሳብ የሚከራከር ነጋዴ ድምፅ ነበር።

"እሱ ብዙ ነው ሚጡ።"

"ብዙ ነው" አለች ሚጡ። "እኔም ዛሬ ነው ያወቅኩት።"